መርፌውን ከእጇ የወሰድኩት እኔ ነኝ

አሜሪካ ውስጥ የአካል ተሃድሶ ሕክምና ስፔሻሊስት ለመሆን ከሕክምና ትምህርት ቤት በኋላ 4 ዓመት ይፈጃል። በዚያ ጊዜ አንድ ሬዚደንት፣ ማለትም በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም፣ ወደ 200 የሚጠጋ የነርቭና የጡንቻ ምርመራ፣ በአጭሩ ኢኤምጂ የምንለውን፣ መሥራት ይጠበቅበታል። አማካሪዋ ሆኜ የተመደብኩላት ሬዚደንት ቁጥሩን ሞልታለች፤ ፈርሜ የመሰከርኩላትም እኔ ነኝ። ብዙዎቹን ግን እሷ ጀምራ የጨረስኳቸው እኔ ነበርኩ።

ሰበቤ ሰዓት ነበር። ነርቩን በኤሌክትሪክ የሚፈትሸውን ክፍል እሷ ትሠራለች። መርፌ ጡንቻ ውስጥ የሚገባበት ክፍል ላይ ሲደረስ፣ ተራ የሚጠብቀው በሽተኛ ሲበዛብኝ፣ «ነይ ላሳይሽ» ብዬ እቀበላታለሁ። ነርቩ በተጎዳ ጡንቻ ውስጥ መርፌ ሲገባ ከማሽኑ የሚወጣው ድምፅ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚንጠባጠብ ዝናብ ይመስላል። ያንን ጆሮ ቶሎ ይለምደዋል። ድምፁ ያለበትን ቦታ ፈልጎ ማግኘት፣ መርፌውን በጥቂት በጥቂቱ መግፋት፣ የታመመውን ሰው «እጅዎን ዘና ያድርጉት» ብሎ በትዕግሥት መጠበቅ ግን በመሥራት ብቻ የሚገኝ ነው።

ልጅቷ የአገሬ ልጅ ናት። ታላቅን መጋፋት ነውር ነው ተብላ ያደገች፣ እንደ እኔው። ዝምታዋ ከማንም በላይ ለእኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ደኅና ናት ብዬ አለፍኩ። በየስድስት ወሩ በሚሞላው ቅጽ ላይ «ጥሩ እየሄደች ነው» ብዬ እጽፋለሁ፤ ወደፊት ምን መሆን እንደምትፈልግ አልጠየቅኳትም። የአካዳሚክ ፊዚያትሪስቶች (የአካል ተሃድሶ ሐኪሞች) ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ሲደርስ የላክሁት ደጋግሞ የወተወተኝን ሌላ ሬዚደንት ነው። እንዲህ ያለ ጉባኤ ሬዚደንቶች ጥናታቸውን የሚያቀርቡበት፣ ነገ የሚቀጥሯቸውን ሐኪሞች የሚተዋወቁበት ነው። እሷ በዚያ ዓመት ተረኛ ሆና ዋርድ ነበረች።

በመጨረሻው ዓመት ለነርቭና ጡንቻ ሕመም ፌሎውሺፕ፣ ከሬዚደንሲ በኋላ ለሚሰጠው ተጨማሪ ሥልጠና፣ ለምን እንዳላመለከተች ጠየቅኳት።

«እፈልገው ነበር ዶክተር። እጄ ግን አልተማረም። ደግሞ እርስዎን ማስቸገር ፈራሁ።»

የምመልሰው አልነበረኝም። በኋላ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ እሷም ይቅር ብላኛለች። ያለፋት ዕድል ግን በእኔ ይቅርታ አልተመለሰላትም።

ሬዚደንት የምታስተምሩ የሙያ ባልደረቦቼ፣ የግምገማውን ቅጽ ከመፈረማችሁ በፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በገዛ እጃቸው የሠሩት ስንቱን እንደሆነ ጠይቋቸው። በተለይ ዝም የሚሉትን።