አገር ስጠኝ፤ ከሉማሜ እስከ ሜሪላንድ

ባለፈው የጥር ወር፥ አራተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ በምንኖርበት በሜሪላንድ የቤት ሥራዋን ይዛ አጠገቤ ተቀምጣ ሳለች፥ በወረቀቱ ላይ «ነፋሱ አንሾካሾከ» የሚል ዓረፍተ ነገር ከነአራት ምርጫው በእንግሊዝኛ ተጽፎ አየሁ። እርስዋም ሳታመነታ «ሰውኛ ዘይቤ» የሚለውን በእርሳስ ከብባ ወደሚቀጥለው አለፈች። «ስለ ምን አንሾካሾከ ተባለ? ስለ ምን አልጮኸም?» ብዬ ብጠይቃት ቀና ብላ አየችኝና «እሱን አልጠየቁንም» አለችኝ።

የዚህ አገር ትምህርት ሥርዓት የያዘ መሆኑን አልነቅፍም። በ2010 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ሜሪላንድን ጨምሮ ብዙ ግዛቶች የተቀበሉት የጋራ የትምህርት መለኪያ፥ የአራተኛ ክፍል ሕፃን ቀላል ተነጻጻሪና ተለዋጭ ዘይቤን፥ ፈሊጥንና ምሳሌያዊ አነጋገርን ለይቶ ትርጉሙን እንዲያስረዳ ያዛል፤ ወንድ ሴት፥ የካህን ልጅ የገበሬ ልጅ ሳይባልም ለሁሉ ይዳረሳል።

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው ጎዳና ላይ ባለችው በሉማሜ፥ እኔ ባደግሁበት ቤት ግን፥ የዘይቤ ስም ከመታወቁ አስቀድሞ ዘይቤው ራሱ ይታወቅ ነበር። ማታ እራት ተበልቶ እሳቱ ሳይዳፈን አንዱ «እንቆቅልህ» ሲል ሌላው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ ጠያቂው ነገሩን በሌላ ነገር ሸፍኖ ያቀርባል፤ መላሹ ካቃተውም «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጠያቂውም ደስ የሚያሰኘው አገር እስኪሰጠው ድረስ አልቀበልም ይላል። እኔ በሰባት ዓመቴ ደብረ ማርቆስን፥ ቢቸናንና ሞጣን በአንድ ሌሊት ለታላቅ እኅቴ አስረክቤ ባዶ እጄን የተኛሁበትን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

የዚህ የምድጃ ዳር ጨዋታ ታላቅ ወንድሙ ቅኔ ነው። ከቢቸና ብዙ የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ ስመ ጥር የቅኔ ጉባኤ የነበረበት ደብር ሲሆን፥ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው አድባራት አንዱ ይኸው ነው። የቅኔ ተማሪ ለምዱን ደርቦ፥ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፥ ቁራሽ እየለመነ፥ ከቆጠራ ተነሥቶ ግሡንና አገባቡን እያጠና፥ ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና እስከ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። ሰምና ወርቅ የሚለውም ምሳሌ ከአንጥረኛ የተወሰደ ነው፤ አንጥረኛው በሰም ቅርጽ ያወጣል፥ በጭቃ ይሸፍነዋል፥ በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በባዶው ስፍራ ወርቁ ይፈስሳል። ስለዚህ የቅኔ መምህር «ይህ ምን ዓይነት ዘይቤ ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ ብቻውን ከዛፍ ሥር ሲያወጣ ሲያወርድ የዋለው ደቀ መዝሙር የራሱን ድርሰት ሊነግር ሲቀርብ፥ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ ያፈርስበታል፤ ምሥጢሩ ከሠመረ ደግሞ «ይበል» ይባልለታል። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ማቅረብማ ነውር ነው።

ይሁንና አገሬን ብቻ አመስግኜ ማለፍ አልወድም። የቅኔው ጉባኤ በአብዛኛው የወንዶች ነበር፤ የጎጃሟ የቅኔ መምህርት የእማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስም የገነነው በዕውቀታቸው ብቻ ሳይሆን ሴት መምህርት ብርቅ ስለ ነበረችም ጭምር ነው። እኔ በገባሁበት ዘመናዊ ትምህርት ቤትም መምህራችን ተነጻጻሪ፥ ተለዋጭ፥ ሰውኛ፥ ግነት፥ ምፀት እያሉ በጥቁር ሰሌዳ ደርድረው ለፈተና ያሸመድዱን ነበር እንጂ፥ አንዲት እንኳ ከልቡናችን አፍልቀን እንድናመጣ አልጠየቁንም። እንግዲህ የልጄ ወረቀት ለእኔ እንግዳ አልነበረም፤ ልዩነቱም በአገር ቤትና በባዕድ ምድር መካከል ሳይሆን፥ ሌላው የተናገረውን ከብቦ በማለፍና ያልተነገረውን ራስ በማስገኘት መካከል ያለ ሆኖ አገኘሁት።

በዚያች ሌሊት ወረቀቱን አንሥተን የጨዋታውን ሥርዓት አስተማርኋት። ከሳምንት በኋላም ማታ ከጎኔ ተቀምጣ ሳለች፦

«እንቆቅልህ!» አለችኝ።

«ምን አውቅልሽ!»

«ድምፅ ሳያሰማ ሌሊት ይገባል፥ ፀሐይ ስታየው ያለቅሳል።»

ጤዛ አልሁ፤ አይደለም። ውርጭ አልሁ፤ አሁንም አይደለም። መልሱ በረዶ ነበረ። እኔ የማውቀው የሉማሜ በረዶ ከቀትር በኋላ የቆርቆሮውን ጣሪያ እየደበደበ የሚወርድ፥ የገበሬውን ጤፍ የሚያረግፍ ጩኸታም ነውና፥ ድምፅ የሌለው በረዶ በአሳቤም አልመጣ።

«አገር ስጠኝ!» አለች። ሜሪላንድን ብሰጣት «እሱማ የእኔ ነው» ብላ እንቢ አለችኝ። ሉማሜን ሰጠኋት፤ ተቀበለችኝ።