ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኜ ለአጣዬ ሰማይ ካሜራ ስመርጥ

ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ሰማይ ያለ አይመስልም። ከተማው ከዋሽንግተን ጋር ገጥሞ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚበራ፣ ፍኖተ ሐሊብን ማየት የፈለግን ሰዎች ወደ ሸናንዶዋ ተራሮች፣ ሲብስም እስከ ዌስት ቨርጂኒያው ስፕሩስ ኖብ እንነዳለን። ይፋት ቆላ ማሽላ ስንጠብቅ ማማ ላይ ያደርን ሰዎች ለሰማይ ነዳጅ ስንከፍል ያስቃል።

አጣዬ ያለው የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን ደውሎ «ጋሼ፣ ቴሌስኮፑን ከነመቆሚያው አግኝቻለሁ፤ ጋይድ ካሜራውን ግን አንተ ላክልኝ፣ ጥሩውን» አለኝ። ጥሩውን ሲል ውዱን ማለቱ ነው።

ምድር ስለምትዞር ኮከብ በየሰከንዱ 15 አርክሰከንድ ይሸሻል፤ አንድ ዲግሪ 3600 አርክሰከንድ ነው። የመቆሚያው ሞተር ይከተለዋል፣ የጥርሱ አሠራር ግን እንከን አያጣም፤ አምስት ደቂቃ በፈጀ ፎቶ ላይ ነጥብ መሆን የነበረበት ኮከብ ሞላላ ሆኖ ይወጣል። ጋይድ ካሜራ በትንሽ ሌንስ ኮከብ ላይ ዓይኑን ይተክላል፤ ፒኤችዲ 2 የተባለው ነጻ ፕሮግራም ደግሞ ኮከቡ ፈቀቅ ባለ ቁጥር ሞተሩን ያርመዋል።

ለዚህ ሥራ ቀለምም ብዙ ሜጋፒክስልም አያስፈልግም። የእኔው ኤኤስአይ 120 ኤምኤም ሚኒ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ፒክስሉ 3.75 ማይክሮን። የትኩረት ርቀቱ 120 ሚሊሜትር ከሆነ ሌንስ ጋር አንዱ ፒክስል 6.4 አርክሰከንድ ያህል ይሸፍናል። ሻካራ ይመስላል፤ ፕሮግራሙ ግን የኮከቡን መሃል በፒክስል ክፍልፋይ ስለሚለካ፣ ለአክስቴ ልጅ አጭር ቴሌስኮፕ ይበቃል። በየ2 ሰከንዱ ቢያነሳ ደህና ነው፤ ከዚያ በጣም ካሳጠረው የአየሩን መንቀጥቀጥ ማሳደድ ይሆንበታል።

እኔን ያሳሰበኝ መቆሚያው ነው። እዚህ የሰሜን ኮከብ 39 ዲግሪ ከፍ ብሎ ስለሚታይ የመቆሚያዬን ዘንግ ወደ እሱ አነጣጥሬ አስተካክላለሁ። አጣዬ ላይ ከፍታው 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ የጎረቤት ባሕር ዛፍ ይጋርደዋል። አንዳንዱ መቆሚያ እስከዚያ ዝቅ አይልም፤ ዝቅ ቢልም የክብደቱ ዘንግ ከእግሩ ጋር ሊጋጭ ይችላል። «መጀመሪያ የዲግሪውን መለኪያ እይልኝ» አልኩት።

የሰሜን ኮከብ ቢጋረድ እንኳ ካሜራው መላ አለው። በሰማይ ወገብ አጠገብ ያለ ኮከብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ሲንሸራተት ፕሮግራሙ እያየ መቆሚያው የቱን ያህል እንደተዛባ ያሳያል። የኦሪዮን ቀበቶ ለዚህ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል፤ ጥር ላይ ማታ ማታ ከአጣዬ አናት ብዙም ሳይርቅ ያልፋል። የምሥራቅና የምዕራቡን አቅጣጫ በእሱ ካስተካከለ በኋላ፣ በምሥራቅ ወይም በምዕራብ ዝቅ ያለ ሌላ ኮከብ ይዞ ከፍታውን ያርማል።

«ታዲያ ውዱን ካልገዛህ የተረፈው ገንዘብስ?» አለኝ።

ባትሪ ግዛበት አልኩት፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራው ከመሃል እንዳይቋረጥ። ለካሜራው ዋጋ ግን የጠየቅሁት አለ። ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባለው የኮከቦች ክምችት እዚህ ቢበዛ ከአድማስ 3 ዲግሪ ያህል ቀና ብሎ ይጠልቃል፤ አጣዬ ላይ ከ30 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ግንቦት ላይ እሱን አንስቶ ይልክልኛል።