ያጠፋሁት ቁጥር

ባለፈው ሰሞን በቤተ መጻሕፍት አንድ የሥነ ፈለክ መጽሐፍ ሳገላብጥ የቀለበት ቅርጽ ያለው ጋላክሲ ሥዕል አገኘሁ። በመካከሉ ወደ ቢጫ የሚያደላ ክብ ብርሃን አለ፤ ቀጥሎ ጨለማ ክፍተት ይታያል፤ ከክፍተቱም ውጭ ሰማያዊ ቀለበት ዙሪያውን ይዞታል። ሥዕሉን ያነሣው ሐብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ሲሆን ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 2001 ነው። ውበቱ አስደነቀኝ፤ ታሪኩ ግን አሳፈረኝ።

ይህን ነገር እባብ በሚባለው ኅብረ ከዋክብት ውስጥ በ1950 ያገኘው አርተር ሆግ የተባለ አሜሪካዊ ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት ፕላኔታዊ ኔቡላ ይመስላል፤ ይኸውም ዕድሜው ያለቀ ኮከብ ወደ ውጭ የተፋው የጋዝ ክበብ ማለት ነው። ስሙ ራሱ የስሕተት ልጅ ነው፤ በ18ኛው መቶ ዓመት ዊልያም ኸርሸል በመነጽሩ እንደ ፕላኔት ክብ ሆነው ቢያያቸው እንዲህ አላቸው እንጂ ከፕላኔት ጋር ዝምድና የላቸውም። ሆግ ግን ፕላኔታዊ ኔቡላ ወይም እንግዳ ጋላክሲ ሊሆን ይችላል ሲል ሁለቱንም ጻፈ። ደግሞም ብርሃን በከባድ አካል አጠገብ ሲያልፍ እንደሚጎብጥ አንስታይን ያስተማረውን ይዞ፣ ቀለበቱ ከበስተኋላ የመጣ ብርሃን ጎብጦ የሠራው ይሆናል የሚል ግምት ጨመረ።

ግምቱ አልቆመም። ብርሃኑ ሲመረመር እምብርቱና ቀለበቱ በአንድ ርቀት ላይ መሆናቸው ታወቀ። ርቀቱም ወደ 600 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይደርሳል። በደጃችን ያለ የጋዝ ጉም የመሰለው፣ ስፋቱ ከ100,000 የብርሃን ዓመት የሚበልጥ፣ እምብርቱ ባረጁ ቀለበቱም በወጣት ከዋክብት የተሞላ ጋላክሲ ሆኖ ተገኘ። እንዴት እንደ ተሠራ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ታዲያ ምን አሳፈረኝ? በአንደኛ ዓመት ትምህርቴ በፔንዱለም የመሬትን ስበት እንድንለካ ታዘን ነበር። እኔ ያገኘሁት 9.2 ሆነ፤ መጽሐፉ 9.8 ይላል። ግራ ቀኝ አይቼ ቁጥሬን በላጲስ አጠፋሁና 9.79 ብዬ ጻፍሁ። ሙሉ ማርክም ተሰጠኝ። ምናልባት ክሩን እስከ ኳሷ መካከል መለካት ሲገባኝ እስከ ጫፏ ብቻ ለክቼ ይሆናል። አሁን ግን ለማወቅ አልችልም፤ የሚያስተምረኝን ቁጥር አጥፍቼዋለሁና።

አባቶቻችን «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ይህን ተረት ለዝምታችንና ለፍርሃታችን መሸፈኛ ያደረግን ስንቶች ነን? ሆግ ያልተጣራውን ተጣርቷል አላለም፤ ያየውን እንዳየው፣ የጠረጠረውንም እንደ ጥርጣሬ አድርጎ አስቀመጠ። ግምቱ ወደቀ፤ ያየው ግን ስለ ተጻፈ ሌሎች ከዚያው ተነሥተው እውነቱን ደረሱበት። ጋላክሲውም ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በሚመጣው ሳምንት እንደገና ቤተ ሙከራ እንገባለን። እኔ ላጲሴን መኝታ ቤቴ ትቼው እሄዳለሁ።