ዳማና አንድ ቁና ገብስ

በከተራ ዕለት፥ ዳማው ፈረሳችን ለነገው ጉግስ እንዲበረታ ብዬ፥ ከአባቴ ተደብቄ አንድ ቁና ሙሉ ገብስ አበላሁት። ሲመሽ ይንከባለል፥ ጎኑንም ዞሮ ዞሮ ያይ ጀመር። አባቴ አልተቆጡኝም፤ በደጀን ብርድ እስኪነጋ ልጓሙን ይዘን ስናመላልሰው አደርን።

መምህራችን በኋላ እንዳስረዱን፥ ፈረስ እንደ በሬ አያመሰኳም፤ የበላውንም ማስመለስ አይችልም። ጨጓራው ከ8 እስከ 15 ሊትር ገደማ ቢይዝ ነው። እህል ሲበዛበት ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ያልፍና ኮምጥጦ ሆዱን ይነፋዋል። ስለዚህ ዛሬ ውሃና ድርቆሽ አስቀድሜ፥ ገብሱን እፍኝ እፍኝ እየከፈልሁ እሰጠዋለሁ።

በጥምቀቱ አባቴ የጎረቤት ፈረስ ተውሰው ወጡ። እኔ ግን ከጋጣው ደጃፍ ተቀምጬ፥ (አትሳቁብኝ!) ፋንድያ ስጠብቅ ዋልሁ። ወደ ማታ ጣለ።