ፎቶግራፍ የማይዘው ትምህርት

በደምበጫ ከወላጆቼ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። የተነሣው በሠርግ ዳስ ውስጥ ሲሆን አክስቴ እስክስታ ስትወርድ ያሳያል። ቀሚሷና መቀነቷ ጥርት ብለው ወጥተዋል፤ ትከሻዋ ግን እንደ ጭስ ደብዝዟል። በልጅነቴ «ፎቶግራፍ አንሺው ሥራውን አያውቅም» እል ነበር። በኋላ ግን ምክንያቱን ተረዳሁ፤ ካሜራው ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ የተንቀሳቀሰ ነገር ሁሉ በፊልሙ ላይ ተድበስብሶ ይቀራል።

አክስቴ በሕይወት ሳለች፣ ለዕረፍት ከትምህርት ቤት በተመለስሁ ቁጥር «ና ልጄ፣ ትከሻ መስበቅ ላስተምርህ፤ በሠርግህ ቀን ታፍራለህ» ትለኝ ነበር። እኔ ግን ደብተር ለያዘ ሰው ይህ የማይገባው መስሎኝ «ሌላ ጊዜ» እያልሁ አለፍኋት። ሌላው ጊዜ ሳይመጣ እርሷ ዐረፈች። በሠርጌ ቀን ከበሮው ሲመታ እንደ ዳሱ ምሰሶ ደርቄ ቀረሁ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ኢሳዶራ ደንከን ስለምትባል አሜሪካዊት አነበብሁ። ይህች ሴት በ1877 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ ተወልዳ፣ የባሌት ጫማ ትታ በባዶ እግሯ በመጨፈር ለዘመናዊው ጭፈራ መንገድ ከከፈቱት አንዷ ናት። በጥንት የግሪክ ማሰሮዎች ላይ የተሣሉትን ጨፋሪዎች በቤተ መዘክር እየተመለከተች ታጠና ነበር። እርሷንም በተራዋ አርኖልድ ጌንቴ የተባለ ባለሙያ ፎቶግራፍ አንሥቷታል። ሥዕሎቹ ያማሩ ናቸው፤ ዳሩ ግን ክንዷ ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው እንዴት እንደ ተሻገረ አይናገሩም። በ1927 እ.ኤ.አ. ስትሞት ጭፈራዋ አብሯት ያልተቀበረው፣ በትምህርት ቤቷ ያደጉና የቤተ ሰቧን ስም የወሰዱ ስድስት ልጃገረዶች ስለ ነበሩ ነው። ከእነርሱም መካከል የተማሩትን ለሌሎች ያስተማሩ አሉ።

እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ በሩቅ አገር ልጃገረዶች ቀናሁ። እነርሱ ከመምህርታቸው ጭፈራውን ተቀበሉ፤ እኔ ከአክስቴ የቀረኝ የደበዘዘ ትከሻ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ በኪስህ ባለው ስልክ እንቅስቃሴውንም ድምፁንም ማስቀረት እንደምትችል ትነግረኝ ይሆናል። መልካም ነው፤ አስቀር። ነገር ግን ሥዕሉ ያሳይሃል እንጂ ስትሳሳት ትከሻህን ይዞ አያርምህም። ጭፈራም ሆነ ቅኔ፣ ሽመናም ሆነ እርሻ፣ የሚያርም እጅ ይፈልጋል፤ ያ እጅ ደግሞ ቀን አለው።

ባለፈው ዓመት ወደ ደምበጫ ወርጄ በአክስቴ ታናሽ እህት ፊት ቆምሁ። «እትዬ፣ አስተምሪኝ» ብላት ሳቀች። «አጥንትህ ከደረቀ በኋላ?» አለችና ሁለት ትከሻዬን ያዘች። እስካሁን በደንብ አልቻልሁም፤ ስሳሳት ግን የሚያርመኝ ሰው አለ።