ወደ አባይ በረሃ ከመውረድ በፊት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጎጃም መንገድ የሚጓዝ ሰው ጎሃ ጽዮን ሲደርስ ከፊቱ አባይ በረሃ ይጠብቀዋል። ጠንቃቃ ሹፌር እዚህ ቆም ይላል፤ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፤ ውኃና ዘይቱን ያያል። እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። ላይ ጋቢ የደረበ ተሳፋሪ ታች ሲደርስ «መስኮት ክፈቱልኝ» ይላል። ወንዙ ላይ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውና በፈረንጆቹ 2008 የተመረቀው፣ 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ አለ፤ አሮጌው ድልድይም በአቅራቢያው ይታያል። ከዚያ በኋላ ዳገቱ ነው፤ ሞተር የሚፈተነውም እዚያ ላይ ነው።

ታላቅ እህቴ ደጀን ትኖራለች። ባለፈው ሚያዝያ ልጠይቃት ስሄድ ልጇ በባለሦስት እግር የጭነት ሞተሩ ዙሪያ ሲንጎራደድ አገኘሁት። ሞተሩ በውኃ የሚቀዘቅዝ ዓይነት ነው። የውኃ ፓምፑ በቅርቡ ቢቀየርለትም ከሥሩ አረንጓዴ ኩላንት ጠብ ጠብ ይላል። ልጁ ግን በማግስቱ ከበረሃው ጭነት ሊያወጣ ቃል ገብቷል። «አክስቴ፣ ትንሽ እኮ ነው፤ ውኃ እየጨመርኩ እወጣዋለሁ» አለኝ።

«ትንሽ ነው» ሲባል በነርስነት ዘመኔ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ኩላንት ሲጎድል ሞተር ይግላል፤ ሲብስም ይነክሳል። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የልጁ ፊትና እጅ ነበር። ራዲያተር ውስጥ ያለው ፈሳሽ በግፊት ስለሚቀመጥ ከመፍያው በላይ ግሎም ላይፈላ ይችላል። ደጀን ከፍታ ላይ ስላለች ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የጋለ ራዲያተር ክዳን ሲከፈት ያ ሁሉ የታመቀ ሙቀት በቅጽበት ገንፍሎ ሰው ላይ ይረጫል።

የሰፈሩ መካኒክ ተጠራ። አሠራሩ ደስ አለኝ፤ እኛም ደም የሚፈሰው ሰው ሲመጣልን መጀመሪያ ጠርገን ምንጩን ነው የምንፈልገው። ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቀ። ሁሉንም በጨርቅ አደረቀ፤ ከሥሩ ካርቶን ዘረጋ፤ ከዚያ አስነሥቶ የመጀመሪያዋን ጠብታ በባትሪ ፈለገ። የቱቦውን ማሰሪያ፣ ፓምፑ ከሞተሩ ጋር የሚገጥምበትን ቦታና ከፓምፑ ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በየተራ አየ። «በቀዳዳዋ ከወጣ የውስጡ ጎማ ተበላሽቷል፤ እሷን መድፈን መፍትሔ አይሆንም» አለ። ጠብታዋ የምትወጣው ግን ከመግጠሚያው ነበር።

ሲፈታ ምክንያቱ ታየ። የአሮጌው ጋስኬት ቁራጭ ሳይፋቅ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ተቀምጧል። ብረቱ እንዳይቧጨር በእንጨት ፋቀው፤ አጽድቶም አዲስ ጋስኬት አስገባ። ብሎኖቹን ፊት ለፊት እያፈራረቀ ቀስ በቀስ አጠበቃቸው። ኩላንቱን ሞልቶ ገና ቀዝቃዛ የሆነውን ሞተር ክዳኑን ሳይዘጋ አስነሣው፤ ቱቦውን ጫን ለቀቅ ሲያደርገው ውስጥ የቀረው አየር በአረፋ ወጣ። ያ አየር ቢቀር ሞተሩን ያግለዋል። የጎደለውን ጨምሮ፣ «ነገ ጠዋት ሲበርድ ደግመህ እየው» ብሎት ሄደ።

እህቴ ጭነቱ አንድ ቀን እንዲቆይ አዘዘች። ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ ነበር።

የቀረ አንድ ነገር ነበር። የተቀዳው ኩላንት ግቢው ውስጥ በሳፋ፣ የተረፈው ደግሞ በመጠጥ ውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ተቀምጦ ነበር። የእህቴ የልጅ ልጅ ገና ሦስት ዓመቷ ነው። አብዛኛው ኩላንት ኤትሊን ግላይኮል የሚባል መርዝ አለበት፤ መርዙ ደግሞ ይጣፍጣል። ለሕፃን ጥቂት ጉንጭ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። መጀመሪያ እንደ ሰከረ ያንገዳግዳል፣ ያስመልሳል፤ ኋላ ኩላሊትን ይጎዳል። ልጅ የጠጣ ከመሰላችሁ ምልክት አትጠብቁ፤ እንዲያስመልስም አታስገድዱት፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያው ሆስፒታል ድረሱ። በትኩስ ኩላንት የተቃጠለ ሰው ካለም ቃጠሎው ላይ ለ20 ደቂቃ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሱ እንጂ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ ወይም እንቁላል አትቀቡ።

የሞተር ነገር የማይገባን እናቶችና አያቶችም ልጆቻችንን መጠየቅ እንችላለን፦ ሞተሩ በርዷል ወይ? ካርቶኑ ደርቋል ወይ? የተረፈውስ ኩላንት የት ነው የተቀመጠው? ለመጨረሻው ጥያቄ ትክክለኛው መልስ «በራሱ ዕቃ፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ተቆልፎበት» የሚል ነው።