አንድ የመኝታ ከረጢት

በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ወደተመዘገበው የባሌ ተራሮች ፓርክ በታኅሣሥ ልንጓዝ ስንነሣ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ቤታችን ቁጭ ብዬ አሮጌ ብርድ ልብሶችን በሸራ ለብጬ ሁለት የመኝታ ከረጢት ሰፋሁ። ሁለት ያደረግሁት ተኳርፈን ስለ ነበር ነው፤ ባለቤቴ ለምእመናን ሁሉ ጊዜ ሲኖረው ለእኔ አልነበረውም።

ዲንሾ ከፍታው 3,000 ሜትር ገደማ ነው። ድንኳን ስንተክል የደጋ አጋዘኖች አጠገባችን ይግጡ ነበር። ሌሊት ግን ውርጩ በስፌቱ ቀዳዳ ሁሉ ገባ።

«መቀስ ይዘሻል?» አለኝ።

እሱ የየከረጢቱን አንድ ጎን ተረተረ፤ እኔ በባትሪ ብርሃን ሁለቱን አንድ አድርጌ ሰፋሁ። እስኪነጋ አወራን፤ ይቅርታም ተባባልን።

ውድ ባለትዳሮች፣ መክብብ 4፥11ን ለብዙዎች አስተምሬአለሁ። የገባኝ ግን ዲንሾ ላይ ነው።